የእንግሊዝኛ ቃላት ለፈተና፦ ከያዝነው መጽሐፍ እንጀምር

ሁለተኛ ደረጃ የገባ ልጅ ከአማርኛ በቀር ያለውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። ስለዚህ የቃላት እጥረት የሚጎዳው የእንግሊዝኛን ፈተና ብቻ አይደለም። ባዮሎጂውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ውስጥ ያለችው «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ካልገባችው የሚያውቀውን ጥያቄ ይስታል። ጂኦግራፊውም፣ ኢኮኖሚክሱም፣ ፊዚክሱም እንደዚያው ነው። በጣም ያስቆጫል። ልጁ ሰንፎ አይደለምና።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይታወቃል። ዲክሽነሪ ይገለጣል፣ ከ«ኤ» ይጀመራል፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው እየተደረገ ደብተር ይሞላል። በሳምንቱ ሁለት መቶ ቃል ተጽፏል። በወሩ ሲጠየቅ ሃያው እንኳ አይታወስም። ከዚያ «እንግሊዝኛ ለኔ አይሆንም» ይባላል። አይደለም። ችግሩ አያያዙ ነው።

ለፈተና የሚያስፈልጋችሁ ቃል እጃችሁ ላይ ባሉት የመማሪያ መጻሕፍትና በድሮ ፈተናዎች ውስጥ አለ። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አውጡ፣ በዓረፍተ ነገር ያዙት፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ራሳችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ላለ ተማሪም፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ላለ ተማሪም፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ላለ ልጅም ይሠራል። ወጪው ጥቂት ወረቀት ነው።

1. የጎደላችሁን ቃል እወቁ

አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ፈተና ፈልጉ። ከታላላቆቻችሁ፣ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ያለ ዲክሽነሪ ሥሩት። የማታውቁትን ቃል ሁሉ በእርሳስ አክብቡ። ስትጨርሱ ያከበባችሁትን በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ክፍል የጥያቄው ራሱ ቃላት ናቸው። «ኢንፈር»፣ «ኢምፕላይ»፣ «ረፈር ቱ»፣ «ክሎዘስት ኢን ሚኒንግ»፣ «አፕሮፕሪየት»፣ «ኤክሴፕት»። እነዚህ በየዓመቱ ይመለሳሉ። ጥቂት ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ያልቃሉ። ከሁሉም አስቀድሟቸው።

ሁለተኛው በብዙ ትምህርት ውስጥ የሚመላለሱ ቃላት ናቸው። «ኢንዲኬት»፣ «ሪኳየር»፣ «ኢስቲሜት»፣ «አሲዩም»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ዲስትሪቢዩት»። ኬሚስትሪ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ታሪክ ላይም ታገኟቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 አቨሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር የትምህርት ጽሑፎችን መርምራ በየዘርፉ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ ነበር። እነዚህ ብቻቸውን የአንድን የትምህርት ጽሑፍ ቃላት አሥር በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። ከአሥር ቃል አንዱ ማለት ነው። «አካዳሚክ ዎርድ ሊስት» ብላችሁ ብትፈልጉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ኢንተርኔት ያለው አንድ ጓደኛ ካተመው ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል።

ሦስተኛው አንድ ቦታ ብቻ የታየ ብርቅዬ ቃል ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት። ልብ የሚስበው ግን እሱ ነው፤ ከባድ ቃል ማወቅ ያኮራል። ፈተና የሚያሳልፈው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን፣ በሰሜን ሸዋ፣ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የክፍላችሁ መጽሐፍ በጣም ከከበዳችሁ ከአንድ ገጽ ላይ መቶ ቃል ቁጠሩ። ከመቶው የማታውቁት ከአምስት ከበለጠ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። የታናሽ ወንድማችሁን የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሶ ማንበብ ምንም አያሳፍርም። መሠረቱ ሳይያዝ ላዩን መከመር ድካም ብቻ ነው።

2. ካርድ ሥሩ

ያለቀ ደብተር ሽፋን፣ የብስኩት ካርቶን ወይም የቆየ ካላንደር ውሰዱ። በግማሽ መዳፍ መጠን ቁረጡት። ለአንድ ቃል አንድ ካርድ። ከደብተር ካርድ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ደብተር ላይ ቃሉን የምታስታውሱት ከላይና ከታች ባለው ቃል ነው። ቅደም ተከተሉ ሲጠፋ ቃሉም ይጠፋል። ካርድ ግን ይበወዛል።

ካርዱ ላይ የሚጻፈውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። «ኮንሰርቭ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚያወራ ፓሴጅ ውስጥ አይጠፋም።

በፊት ለፊቱ ቃሉን አትጻፉት። ቃሉ የወጣለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የመንዝ ሕዝብ ጓሳን ለብዙ ዘመን ______» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና ቃሉ የሚገባበትን ባዶ ተዉት። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ፍንጭ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በጀርባው አራት ነገር ይጻፋል። ቃሉ ከነስፔሊንጉ፣ ቨርብ ይሁን ኖውን፣ አጭር የአማርኛ ፍቺ፣ ከዚያ የቅርብ ዘመዶቹ። ለዚህ ካርድ «ኮንሰርቬሽን» ኖውኑ ነው፤ «ፕሮቴክት» በትርጉም ይቀርበዋል። በቃ።

ጓሳን፣ የመንዝን የሣር ምድር፣ የመረጥኩት በምክንያት ነው። የመንዝ ልጅ ጓሳን ያውቀዋል። ሣሩ ቤት እንደሚከደንበትና ገመድ እንደሚሆን፣ አባቶች በቄሮ ሥርዓት መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ደንብ አውጥተው እንደጠበቁት ሰምቶ አድጓል። ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውንም ያውቃል። እንግዲህ «ሃቢታት»፣ «ኢንደሚክ»፣ «ግሬዝ»፣ «ኮሚዩኒቲ» የሚሉት ቃላት እዚያው ጓሳ ላይ ይሰካሉ። የምታውቁት ነገር ላይ የተሰካ ቃል አይወድቅም። የምንጃር ልጅ በጤፍና በሽንብራ ይሥራው፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ በመስኖና በሽንኩርት ይሥራው። የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ሳትረዱት ከመገልበጥ አንድ የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። ከጻፋችሁ በኋላ ግን ለእንግሊዝኛ መምህራችሁ አሳዩት። ስህተት ካለው ስህተቱም አብሮ እንዳይሸመደድ።

አማርኛውን ፍቺ አትፍሩት። «በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚጠናው» የሚሉ አሉ። ለጀማሪ ትክክለኛ የአማርኛ ፍቺ ጊዜ ይቆጥባል። ብቻውን አይሁን ነው የምለው።

3. በቀን ሰባት፣ ቅዳሜና እሁድ ክለሳ ብቻ

ሰባት ትንሽ ይመስላል። ስሌቱን ተመልከቱ። በሳምንት አምስት ቀን ሰባት ቃል 35 ይሆናል። በሠላሳ ሳምንት 1,050 ነው። ከመስከረም ጀምሮ በዚህ መንገድ የሄደ ተማሪ ሰኔ ላይ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። በቀን ሃምሳ ቃል እይዛለሁ ያለ ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይደክመዋል።

የገጠር ልጅ ኑሮ በየወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ እጅ ይፈለጋል። ያኔ አዲስ ቃል ወደ ሁለት ዝቅ ይበል። ክለሳው ግን አይቋረጥ። ለክለሳ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከብት እየጠበቁም ይሠራል። ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ደግሞ ዓርብ ለስንቅ ስትሄዱና እሁድ ስትመለሱ የመንገዱን ሰዓት ተጠቀሙበት። ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ አንዱ ካርድ ይይዛል፣ ሌላው ይመልሳል።

4. ዘግታችሁ ጠይቁ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

የተጻፈን ነገር አሥር ጊዜ ማንበብ ያወቁት ያስመስላል። ዓይን ይለምደዋል። ፈተና ላይ ግን ዓይን የለመደው አይጠየቅም፤ ከራስ ውስጥ ማውጣት ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ጥናታችሁ ራሱ ማውጣት ይሁን። የካርዱን ፊት እዩ፣ ቃሉን በድምፅ በሉት፣ በወረቀት ጻፉት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ አረጋግጡ። ሳታወጡት አትገልብጡ። ጠፍቶባችሁ ጥቂት ሰከንድ መታገላችሁ ራሱ ቃሉን ያጠብቀዋል።

ሁለተኛው የድግግሞሹ ሰዓት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣው ጥናት አዲስ የተያዘ ነገር ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል። በኋላ የሚጠፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ እየተራራቀ። ዛሬ የያዛችሁትን ዛሬ ማታ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ጠይቁ።

ይህን በቀን መቁጠሪያ መከታተል ያሰለቻል። ስለዚህ ሦስት ፖስታ አዘጋጁ። አንደኛው ላይ «በየቀኑ»፣ ሁለተኛው ላይ «በሦስት ቀን»፣ ሦስተኛው ላይ «እሁድ» ብላችሁ ጻፉ። አዲስ ካርድ አንደኛው ውስጥ ይገባል። ሁለት ቀን በተከታታይ ከመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። እዚያም ሁለት ጊዜ ከመለሳችሁት ወደ ሦስተኛው። የሳታችሁት ካርድ ከየትም ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። አሠራሩ የድሮ ነው፤ ዛሬ ስልክ ላይ ያሉት የካርድ አፖችም የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ጥሩነቱ ጊዜያችሁ የሚሄደው የሚያስቸግራችሁ ቃል ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የምታውቁትን መደጋገም ደስ ይላል፣ ግን አይጠቅምም።

አንድ የምወደው መፈተኛ አለ። ማታ ቃሉን ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ በአማርኛ አስረዱ። «ኢንፍሌሽን ማለት እማዬ፣ አምና በዚያ ብር የገዛሽው ቅቤ ዘንድሮ በዚያው ብር እንቢ ሲልሽ፣ ቅቤው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር እንደዚያ ሲሆን ነው» ብላችሁ ካስረዳችሁ፣ ቃሉ የእናንተ ሆኗል። ከተንተባተባችሁ ካርዱ ወደ አንደኛው ፖስታ ይመለስ።

5. የቃሉን ቤተሰብ አብራችሁ ያዙ

አንድ ቃል ስትይዙ ወንድም እህቶቹን አትርሱ። «ዴቨሎፕ» ቨርብ ነው፤ «ዴቨሎፕመንት» ኖውን፤ «ዴቨሎፒንግ» አጀክቲቭ። የባዶ ቦታ ጥያቄ ላይ አራቱም ምርጫ ከአንድ ቤተሰብ ሊመጣ ይችላል። ያኔ የሚጠየቀው ትርጉም ሳይሆን የቃሉ ዓይነት ነው። መጨረሻውን እዩ። በ«ሽን»፣ በ«መንት»፣ በ«ነስ» የሚያልቁት አብዛኛውን ጊዜ ኖውን ናቸው። «ፉል»፣ «ለስ»፣ «ኤብል» አጀክቲቭ ናቸው። በ«ሊ» የሚያልቁት በብዛት አድቨርብ ናቸው፤ «ፍሬንድሊ» ግን አጀክቲቭ ነው።

ከፊት የሚቀጠሉትም ይጠቅማሉ። «አን»፣ «ዲስ»፣ «ሚስ»፣ «ሪ»። ከሳይንስ የምታውቋቸው «ባዮ»፣ «ጂኦ»፣ «ፎቶ»፣ «ሃይድሮ»፣ «ቴርሞ» ደግሞ ብዙ ቃል ይከፍታሉ። ብቻ «ኢን» ላይ ተጠንቀቁ። «ኢንቪዚብል» የማይታይ ነው፣ እሺ። «ኢንቫሊዩአብል» ግን ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ዋጋው የማይተመን፣ እጅግ ጠቃሚ ማለት ነው። «ኢንፍላመብል»ም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። እንዲህ ዓይነቶቹን ለብቻ ካርድ አድርጓቸው።

6. ዲክሽነሪ በሌለበት መገመትን ተለማመዱ

ፈተና ክፍል ውስጥ ዲክሽነሪ የለም። ፓሴጁ ውስጥ ደግሞ የማታውቁት ቃል መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ መገመት ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል።

ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሞቃት ከሆነችው ከሸዋ ሮቢት በተለየ፣ ደብረ ብርሃን ፍሪጂድ ናት፤ ስለዚህ ሰዉ ጋቢና ወፍራም ካፖርት ይለብሳል።» «ፍሪጂድ» የሚለውን ባታውቁት እንኳ ሁለት ምስክር አለ። ከፊቱ «በተለየ» የሚል አለ፤ እንግሊዝኛው ላይ «አንላይክ» ነው። ተቃራኒ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። ከኋላው ደግሞ «ስለዚህ» መጥቶ ውጤቱን ያሳያል። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለገባ ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ በጣም ቀዝቃዛ።

እንደ «አንላይክ» ያሉ መንገድ ጠቋሚዎችን ለይታችሁ እወቁ። «ሃውኤቨር»፣ «በት» እና «አልዞው» ተቃራኒ ያመጣሉ። «ቢኮዝ» እና «ዜርፎር» ምክንያትና ውጤት። «ሳች አዝ» ምሳሌ። «ዛት ኢዝ» ፍቺውን ራሱን። ከገመታችሁ በኋላ አራቱን ምርጫ አንድ በአንድ ቃሉ ቦታ ላይ እያስገባችሁ ዓረፍተ ነገሩን አንብቡ። የማይስማማው ራሱ ይወድቃል።

ሌላም አለ። የምታውቁት ቃል ሊያሳስታችሁ ይችላል። «ካፒታል» ጂኦግራፊ ላይ ዋና ከተማ፣ ኢኮኖሚክስ ላይ ለሥራ የሚውል ሀብት ነው። «ሶሉሽን» ሒሳብ ላይ መፍትሔ፣ ኬሚስትሪ ላይ አንድ ነገር ሟሙቶ የተደባለቀበት ፈሳሽ ነው። «ሴል» ባዮሎጂ ላይ አንድ ነገር፣ እስር ቤት ውስጥ ሌላ ነገር። ጥያቄው «በፓሴጁ ውስጥ ያለው ትርጉም» ካለ፣ ተመልሳችሁ መስመሩን ሳታነቡ አትመልሱ። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

7. አብረው የሚሄዱ ቃላት

«ዲፔንድ» ከ«ኦን» ጋር፣ «ኮንሲስት» ከ«ኦፍ» ጋር፣ «ኢንተረስትድ» ከ«ኢን» ጋር ይሄዳል። ለብቻው የተያዘ ቃል እዚህ ላይ አያድንም፤ ካርዱ ላይ ጥንዱን አብራችሁ ጻፉ። «ሜክ» እና «ዱ»ም እንደዚያው ናቸው። ስህተት «ሜክ» ይደረጋል፣ የቤት ሥራ «ዱ» ይደረጋል። እኛ ስለ አንድ ነገር ስለምንወያይ «ዲስከስ» ላይ «አባውት» መጨመር ይቀናናል። አይጨመርም። በስፔሊንግ የሚመሳሰሉትን፣ «አክሴፕት» እና «ኤክሴፕት»ን፣ «አፌክት» እና «ኢፌክት»ን፣ በአንድ ካርድ ፊት ለፊት አድርጓቸው።

8. የመጨረሻው ወር

አዲስ ቃል አቁሙ። አንዳንዶች በዚህ ሰዓት አዲስ ሃንድአውት ይዘው ይሮጣሉ፤ ያላቸውንም ያደባልቁታል። በሳምንት ሁለት የድሮ ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የሳታችሁትን ቃል ብቻ ወደ አንደኛው ፖስታ ጨምሩ። ፓሴጅ ስትሠሩ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አንብቡ፣ ከዚያ ፓሴጁን። ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ ስትገቡ ሰዓት ይተርፋል።

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የምትወስዱ ልጆች ይህን ሁሉ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። በቀን አራት ቃል፣ ከራሳችሁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ በሁለት ፖስታ ይበቃል። ስፔሊንግ ላይ ግን በርቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ትመርቁኛላችሁ።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ብዙዎቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ነው የምትፈተኑት። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የቃል ዝርዝር ቀደም ብላችሁ ወደ ካርድ ገልብጡ። ይዛችሁ የምትሄዱት ሦስቱንም ፖስታ ሳይሆን አንደኛውን፣ እምቢ ያሏችሁን ቃላት ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚወስዱም አሉ። በወረቀት ላይ ማስመርና ማክበብ የለመደ ሰው ስክሪን ላይ ግር ይለዋል። ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ጥቂት ፓሴጆችን ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ላይ፣ ምንም ሳታሰምሩ አንብባችሁ መልሱ። ያላወቃችሁት ቃል ላይ ስትደርሱ አትቁሙ። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ጨርሱና ተመለሱ፤ ፍንጩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።